ያልሄድኩበት ዳሎል

ታኅሣሥ 3 ቀን 1999፣ ማክሰኞ

ማበጠሪያዬን ሰረቁኝ። ይህ አምስተኛው ነው። ከፎቶ ቤቱ መስታወት ሥር የማስቀምጣት፣ ግማሽ ጥርሷ የረገፈ ማበጠሪያ… ምን ያደርግላቸዋል? ለደንበኛ የማውሰውን ከረባት አስሮ መሄድ ይቻላል። ኮቱን ደርቦ መጥፋት ይቻላል። እነሱ ማበጠሪያ! አምቦ ላይ ሌባ እንኳ መምረጥ አያውቅም። እኔ ራሴ ከተመለጥኩ አሥራ ሁለት ዓመት አልፎኛል። ቢሆንም ሌባ ሌባ ነው፤ አልተውም፣ ቀበሌ ድረስ እሄዳለሁ። ነገ። ወይም ከነገ ወዲያ።

ከዚህ በቀር ደህና ቀን። ሁለት ተማሪዎች መጥተው በረሃው ፊት ተነሱ። በረሃው እኔ በ1966 የሳልኩት መጋረጃ ነው። ቢጫ አሸዋ፣ ነጭ ጨው፣ አንዲት ግመል። ግመሏ ሻኛዋ ያበጠ ላም ትመስላለች። ልጆቹ በሹራብ ላይ ሹራብ ደርበው፣ በብርድ እየተንቀጠቀጡ፣ ፀሐይ እንደመታው ሰው ዓይናቸውን ጨፈን አደረጉ።

"ኦቦ ጉታ፣ እውነት ዳሎል ደርሰው ነው የሳሉት?" አለ አንዱ።

"ግመሏን ጠይቃት" አልኩት። ሁልጊዜም እንዲህ ነው የምለው።

ታኅሣሥ 6፣ ዓርብ

ለንሳ ከአዲስ አበባ መጣች። የእህቴ የድንቅቱ ልጅ፤ ሃያ አራት ዓመቷ። እዚያ አንድ ፎቶ ቤት ትሠራለች፣ ካሜራ አያያዝ ያስተማርኳት ግን እኔ ነኝ። "አጎቴ" ማለት አይሆንላትም። የእናቷ ወንድም ነኝና እንደ አገራችን ኤሱማ ነው የምትለኝ።

"ኤሱማ! መላጣህ እንዴት ነው?"

"ለምቷል። ያንቺስ ባል ፍለጋ?"

"ደርቋል።"

ተቃቀፍን። ከዚያ ወሬዋን ዘረገፈችው። አንድ መጽሐፍ ሊዘጋጅ ነው። በረሃና ተራራ ፎቶ ማንሳት ለሚወድ ሰው የት እንደሚቆም፣ በስንት ሰዓት፣ ፀሐይ በየት በኩል እንደምትመጣ የሚነግር መጽሐፍ። መጀመሪያ ዳሎልና ኤርታሌ፣ ቀጥሎ የሰሜን ተራሮች። አዘጋጇ አመለሸጋ የምትባል ሴት ናት። ከአርባ አመልካች መርጣ ለንሳን ረዳት ፎቶ አንሺ አደረገቻት።

"ለምን እኔን እንደመረጠች ታውቃለህ? ማመልከቻዬ ላይ 'አጎቴ በ1966 ዳሎልን ፎቶ አንስቷል፣ የተማርኩት ከእሱ ነው' ብዬ ጽፌ ነበር። ይህን አንብባ ነው።"

ሳቅሁ። ምን ላድርግ?

ከቦርሳዋ አዲስ ደብተር አወጣች። "ሁሉንም ንገረኝ። ውሃውን፣ መንገዱን፣ ጨዉን። ታኅሣሥ 24 ነው የምንነሳው።"

ነገርኳት። አፌ እንደለመደው። ለቀን አንድ ኮዳ ውሃ ይበቃል አልኩ። ጨዉ እንደ አስፋልት ነው፣ የትም ብትረግጪ አይከዳሽም አልኩ። ምርጡ ብርሃን ጎሕ ሲቀድ ነው፣ መሪው ሳይነቃ ብቻሽን ሹልክ በይ፣ አለዚያ ጥላው ፎቶሽ ውስጥ ይገባል አልኩ። በልጅነቷ እዚህች ላይ ስንደርስ በሳቅ ትፈርስ ነበር። ዛሬ አልሳቀችም። ጻፈችው። ከሥሩም ሁለት ጊዜ አሰመረችበት።

ሰው ሲስቅልኝ እንጂ ሲጽፍልኝ አልለመድኩም።

ታኅሣሥ 7፣ ቅዳሜ

እዚህ ደብተር ላይ እንኳ አስፍሬው አላውቅም። ልጻፈው።

ዳሎል ሄጄ አላውቅም።

በ1966 ሦስት ሳምንት የጠፋሁት ባኮ ነው። ሠርግ ላነሳ ሄጄ ወባ ጣለኝ። ስመለስ ከስቼ፣ ጠቁሬ፣ ከንፈሬ ተሰነጣጥቆ… የሰፈሩ ሰው "ምነው፣ በረሃ ነበርክ እንዴ?" አለኝ። "አዎ፣ ዳሎል" አልኩ። ቀልድ ነበር። ስሙን ራሱ ከሬዲዮ ነው የሰማሁት። በማግስቱ አሥር ሰው "ዳሎልን አውራን" ብሎ መጣ። በሳምንቱ መጋረጃውን ሳልኩ፤ ግመሏን ከተምር ካርቶን ላይ ገለበጥኳት። ከዚያ ወዲያማ ማን ይመልሰው? ድንቅቱ በሠርጓ ቀን አስነስታ አስወራችኝ። ለንሳ ትንሽ እያለች ዳሎልን ሳትሰማ አትተኛም ነበር።

የሚገርመኝ… መጋረጃው ፊት የሚቆመው ሰው ሁሉ በረሃ እንዳልሄደ ያውቃል። ፎቶውን የሚቀበለው ዘመዱም ያውቃል። ማንም አልዋሸም። ሠላሳ ሦስት ዓመት ሙሉ እዚያ ቤት ውስጥ የዋሸሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ዛሬ ቁርስ ላይ ልነግራት ነበር። አፌን ስከፍት ሳል ያዘኝ። እውነት ሳል ነበር? እንጃ።

ታኅሣሥ 11፣ ረቡዕ

ከካቺሲ ተመለስን። 

ለልምምድ እንዲሆናት የአባይን ሸለቆ ላሳያት ብዬ ነበር የወሰድኳት። በጊንጪ በኩል ዞረን፣ ካቺሲ አድረን፣ ጠዋት ቁልቁል ጀመርን።

"ዳሎልን ላየ ሰው ይሄ ቆላ ምኑ ነው?" አለችኝ።

"ገበያ ደርሶ መመለስ ነው።"

አንድ ኮዳ ውሃ ብቻ ነው የያዝኩት። ለቀን አንድ ኮዳ ይበቃል ያለ ሰው ሁለት ይይዛል?

ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ኮዳው ባዶ ሆነ። ዓይኔ ላይ ጥቁር ጥቁር ነገር… አንድ ግራር ሥር ቁጭ አልኩ። ሮባ የሚባል ገበሬ የሚያጭደውን ማሽላ ትቶ መጣና በቅል ውሃ አጠጣኝ።

"ኦቦ፣ በዚህ ዕድሜህ ምን ፍለጋ ወረድክ?"

"ብርሃን።"

"እላይ አልነበረም?"

መሳቅ አቃተኝ። ለንሳ የሸለቆውን ፎቶ ካሜራዋ ላይ አሳየችው። ዲጂታል ነው፣ ወዲያው ያሳያል። ሮባ ብዙ ቆይቶ ተመለከተና "እኔ የለሁበትም" አለ።

"አገሩ ነው የተነሳው፣ ኦቦ ሮባ" አለችው።

"እኔ ከሌለሁ ታዲያ የማን አገር ነው?"

ስንሳሳቅ… እሷ ዞር ማለቷን አላየሁም። ቀና ስል ከእኛ ወዲያ፣ ከገደሉ ወጣ ያለች ድንጋይ ላይ ቆማ ካሜራዋን ወደ ወንዙ ደፍታለች። ሮባ ብድግ ብሎ ጮኸ።

"ዱበቲ ዴቢኢ! ወደ ኋላ! ሥሯ ባዶ ነው!"

ክረምት ጎርፍ ከሥር በልቷት ኖሯል። ከላይ ላየ ሰው ዓለት ናት። ለንሳ ፊቷን ሳታዞር፣ አንድ እግሯን፣ ቀጥሎ ሌላውን… ወደ እኛ እንደተመለሰች ከድንጋይዋ ጫፍ ትልቅ ዳቦ የሚያህል ተገምሶ ወረደ። ታች ወድቆ ድምፁ እስኪሰማ ቆየ። በጣም ቆየ።

"ሰውዬውን ሳትጠይቂ ለምን ሄድሽ?" ጮኽኩባት። በሕይወቴ ጮኼባት አላውቅም።

"አንተ አይደለህ ያልከው? መሪው ሳይነቃ ሹልክ በይ።"

እየሳቀች ነው የመለሰችልኝ። ካሜራዋን ግን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ሽቅብ ስንወጣ ሮባ ደገፈኝ። እውነቱን ለመናገር፣ ግማሹን መንገድ አዘለኝ። አንዴ ሊያርፍ አስቀመጠኝና ሸለቆውን አየሁት። ሰማያዊ፣ ከሱ ወዲያ ሌላ ሰማያዊ፣ ከዚያም ወዲያ… አንዱንም ቀለም በጥብጬው አላውቅም። የአምቦ ሰው ነኝ እላለሁ። ይህን ሳላይ ስልሳ ልሞላ ነው። ስለ ሩቁ በረሃ ስዋሽ ቅርቤ ያለው አመለጠኝ።

ታኅሣሥ 12፣ ሐሙስ

ለንሳ ሄደች። ደብተሯን ብብቷ ሥር ሸጉጣ። አልነገርኳትም።

ታኅሣሥ 15፣ እሑድ

ደወልኩላት።

"ኤሱማ! በሰላም ነው?"

በሰላም ነው አልኩ። ስለተሰረቀው ማበጠሪያ አወራኋት። ረጅም ጊዜ። ዘጋሁት።

ታኅሣሥ 17፣ ማክሰኞ

ጌዶ ሄድኩ። ተሬፋ ዘንድ፤ የለንሳ አባት። የጤና ረዳት ነበር፣ አሁን ጡረታ ወጥቶ የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ ነው። ሳቅ ሲታደል ክትባት ላይ ነበር እያልኩ ሃያ ሰባት ዓመት አሹፌበታለሁ። አንድም ቀን መልሶልኝ አያውቅም።

አሳቤ ምን ነበር? አባት ከከለከላት አትሄድም፤ ካልሄደች እኔም መናገር አይኖርብኝም። እንዲህ ዓይነት ሰው ሆኛለሁ።

ድንቅቱ ገበያ ወጥታ ነበር። ለሁለት ተቀመጥን።

"ልጅህን ከልክላት" አልኩት። "በረሃ አደገኛ ነው።"

"አንተ ደህና ተመልሰህ የለም እንዴ?"

መነጽሩን አወለቀ፣ በሸሚዙ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ።

"ጉታ፣ እኔ በ1965 ለወባ ማጥፊያ ሥራ ተልኬ አፋር ምድር፣ በራህሌ፣ አራት ወር ተቀምጫለሁ። ዳሎልም ሁለት ጊዜ ደርሻለሁ።"

የተቀመጥኩበት ወንበር የሰመጠ መሰለኝ።

"ታውቅ ነበር?"

"በሠርጌ ቀን ስታወራ፣ ግመልህ ጨው ላይ ቆማ ሣር ስትግጥ አወቅሁ።"

"ታዲያ ምነው ዝም አልክ?"

"ድንቅቱ እያየችህ ነበር። ወንድሜ እኮ ነው እያለች… እንዲያ ፊቷ በርቶ አይቻት አላውቅም ነበር። በሠርጓ ቀን ልነጥቃት? በኋላ ደግሞ ልጅቷ መጣች። ለሷ ተረት ነው፣ ተረት ማንንም አይገድልም አልኩ።"

"አሁንስ? ያወራኋትን ሁሉ ደብተሯ ላይ ጻፈችው እኮ።"

"ከጻፈችውማ ተረት መሆኑ ቀረ።"

ሃያ ሰባት ዓመት። እኔ በእሱ ስስቅ፣ እሱ የእኔን ገመና ይዞ ዝም ብሎ ሲሰማኝ። ከሁለታችን ማን ነበር ቀልደኛው?

"ከልክልልኝ" አልኩ እንደገና።

"አልከለክልም። ልጅቷ በሥራዋ ያገኘችው ነገር ነው። ያንተን ውሸት በእኔ ቁጣ ልትሸፍን አትሞክር። ሂድና ንገራት።"

ከዚያ ወረቀት አመጣና "ጻፍ" አለኝ። ለአንድ ሰው በቀን ስድስት ሊትር ውሃ፣ ሲሞቅ ከዚያም በላይ። አፋሩ መሪ በበትሩ ያልነካውን መሬት እግር አይነካውም። አንዳንዱ ቦታ ቅርፊት ነው፣ ከሥሩ የሚያቃጥል አሲድ አለ። አረንጓዴውና ቢጫው እጅግ ሲያምር ያኔ ራቅ በል። ጨው የነካው ጫማ በየቀኑ ይታጠባል። አራት ገጽ ሞላ። ያለ አንዲት ቀልድ።

ልሄድ ስል እጁን ትከሻዬ ላይ አድርጎ ጸለየልኝ። ተሬፋ ሲጸልይ ሳላንቀላፋ የጨረስኩት ዛሬ ነው።

ታኅሣሥ 20፣ ዓርብ

አዲስ አበባ ሄጄ ነገርኳት። ከምትሠራበት ፎቶ ቤት አጠገብ፣ አንድ ኬክ ቤት ውስጥ።

"ዳሎል ሄጄ አላውቅም።"

"እሺ" ብላ ሳቀች። ኬኳን ቆረሰች።

"ለንሳ። ሄጄ አላውቅም።"

ሹካዋን አስቀመጠች።

"ስልሳ ስድስት ላይ የት ነበርክ?"

"ባኮ። ወባ ይዞኝ ተኝቼ።"

"ግመሏ?"

"የተምር ካርቶን።"

"ጨዉ ሮዝ የሆነበት ጠዋትስ? እሱም የለም?"

"እሱን ከየት እንዳመጣሁት እኔም አላውቅም።"

አንድ አስተናጋጅ መጥቶ "ሌላ ነገር?" አለን። አይቶን ተመለሰ። ብትጮህብኝ ኖሮ… እሷ ግን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው የተናገረችው።

"ካቺሲ ድንጋይዋ ላይ ስቆም ታውቅ ነበር። ስንመለስ ቀኑን ሙሉ አውቶቡስ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠናል። ማስቲካ ሰጠኸኝ። አልነገርከኝም።"

እውነቷን ነው። ማስቲካ ሰጥቻታለሁ።

"ማመልከቻዬስ? አሁን እኔም ዋሽቻለሁ።"

"አንቺማ ሳታውቂ…"

"አሁን አወቅሁ። ለአመለሸጋ እነግራታለሁ። ካስወጣችኝም ታስወጣኝ።"

ደብተሯን አወጣች። ትቀደዋለች ብዬ ነበር። አልቀደደችውም፤ በእያንዳንዱ ገጽ ላይ ቀስ ብላ መስመር ሳበችበት፣ እንደ ፈተና አራሚ። የተሬፋን አራት ገጽ ሰጠኋት። ከየት እንደመጣ ስነግራት ቀና አለች።

"አባዬ? አባዬ ዳሎልን አይቷል?"

"ሁለት ጊዜ።"

ያኔ ነው ያለቀሰችው። ወረቀቱን አጣጥፋ ደብተሯ ውስጥ ከተተች፣ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። አልተሰናበተችኝም። ኬኳ ላይ አንድ ጉርሻ ነበር የጎደለው።

ታኅሣሥ 24፣ ማክሰኞ

ዛሬ ነው የሚነሱት። ሄዳ ይሆን? ወይስ ሴትዮዋ አስወጥታት ይሆን? ስልኳ ዝግ ነው። ደንበኛ ላይ አንድም ቀልድ አልወረወርኩም። ጎረቤቴ "አሞሃል?" አለኝ።

ታኅሣሥ 28፣ ቅዳሜ

ተሬፋ ደወለ። ሄዳለች። ከመቀሌ ደውላለት ነበር፣ ነገ ወደ በረሃው ይወርዳሉ። ከዚያ ወዲያ ስልክ የለም።

"ስለኔ ጠየቀች?"

ተሬፋ መዋሸት አይችልም። "አልጠየቀችም" አለ።

ጥር 12፣ ቅዳሜ

የጥምቀት ሰሞን ነው፣ ፎቶ ቤቱ ሞልቷል። አንድ አባት ልጆቹን በረሃው ፊት ደርድሮ "ኦቦ ጉታ፣ እስቲ ዳሎልን አጫውትልኝ" አለ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት "ዳሎል አልሄድኩም" አልኩ። "ዋሽቼ ነው። ባኮ ነበርኩ።"

ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

"አልሄድኩም እላችኋለሁ!"

ይበልጥ ሳቁ። አንዲት አሮጊት ብቻ አልሳቀችም። ጎኗ ወዳለው ሰው ዘንበል ብላ "ምስኪን፣ አረጀ። መሄዱን ረሳው" አለች። ከሰዓት በኋላ ወሬው ከተማውን ሞላው። ኦቦ ጉታ ዳሎልን ረስቷል፣ እግዜር ይማረው። አንዱ ማር ይዞልኝ መጣ።

ውሸቴን ለማመን አንድ ቀን ፈጀባቸው። እውነቴን ለማመን ስንት ዓመት ይፈልጉ ይሆን?

ከለንሳ ምንም።

ጥር 25፣ ዓርብ

ኤርታሌን ጨርሰው ወደ ሰሜን ተራሮች ሄደዋል አለ ተሬፋ ትናንት ደውሎ። በሕይወት አለች። ስልኩን እንደዘጋሁ ጨለማ ክፍሌ ገብቼ ተቀመጥኩ። የማጥበው ፊልም አልነበረኝም።

ዛሬ ማለዳ አሮጌዋን ዜኒት ካሜራዬን ይዤ ከከተማው በላይ ያለው ጉብታ ላይ ወጣሁ። ሁለት ኮዳ ውሃ ይዤ! አምቦ ከሥሬ፣ ጭስና ቆርቆሮ፣ ፀሐይ ከጀርባዬ። ሠላሳ አምስት ዓመት ፎቶ አንስቼ "ቀና በል፣ ፈገግ በይ" ሳልል ያነሳሁት የመጀመሪያው ነው። አንድ ብቻ። የሚነግሩት ሰው ከሌለ ዝም ብሎ መጠበቅ ነው ለካ። ብርሃኑ በራሱ ሰዓት ይመጣል።

ጥሩ አልወጣም። ደብዝዟል። ነገም እወጣለሁ።

የካቲት 3፣ ቅዳሜ

ጠዋት ጉብታው ላይ ነበርኩ። አሁንም ይደበዝዛል፣ ግን ትንሽ ይሻላል። መጋረጃውን ትናንት አወረድኩት። ደንበኞች አኩርፈዋል። ግድግዳው ባዶ ነው፣ የሚቀባበት ነገር ገና አላሰብኩም።

ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። የፎቶ ቤት በር፣ ያውም ወለል ብሎ የተከፈተ፣ ማን ያንኳኳል? አንዲት የማላውቃት ሴት ናት። አፍንጫዋ በፀሐይ ተልጧል፣ ጫማዋ ነጭ በነጭ ሆኗል።

"ኦቦ ጉታ?"

"ነኝ።"

"አመለሸጋ እባላለሁ።"

ጠረጴዛውን ያዝኩ። "ለንሳ…" አልኩ።

"ደህና ናት፣ አይደንግጡ። መኪና ውስጥ ናት። አልገባም አለች።"

በመስኮት አየሁ። አቧራ የለበሰ ላንድክሩዘር መንገዱ ማዶ ቆሟል። የኋላው መስታወት ሩብ ያህል ወርዷል። ሰው አይታይም።

"እውነቱን ነግራኛለች" አለች ሴትዮዋ። "ያን ቀን ላስወጣት አስቤ ነበር። ሌሊቱን አስቤበት ተውኩት። ዛሬ የመጣሁት ግን ለሌላ ነው። መጽሐፉ ላይ የአባይ ሸለቆ ይገባል፣ በካቺሲ በኩል። ነገ እንሄዳለን። ለንሳ 'የት እንደማይቆም ኤሱማን ጠይቂው' አለችኝ። ቦታውን በደንብ ያውቁታል?"

አፌ ተከፈተ። "አሳምሬ ነዋ!" የሚለው ምላሴ ጫፍ ደርሶ ነበር። የመኪናው መስታወት ትንሽ ወረደ።

"አንድ ቀን ብቻ ነው ያየሁት" አልኩ፣ መንገዱን ተሻግሮ እንዲሰማ አድርጌ። "ውሃዬን በሁለት ሰዓት ጨርሼ፣ ሮባ የሚባል ገበሬ አዝሎ አወጣኝ። የሚያውቀው እሱ ነው። እሱን ጠይቁ። ማሽላውን አጭዶ ካልጨረሰም ቁጭ ብላችሁ ጠብቁት።"

ማዶ የመኪናው በር ሲከፈት ሰማሁ።